ዘመኑ ያለፈበት መዝገብና የሌሊት ትእዛዝ

እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 16 ቀን 1834 ምሽት የእንግሊዝ ምክር ቤቶች የሚሰበሰቡበት የዌስትሚንስተር ቤተ መንግሥት በእሳት ወደመ። የእሳቱ መነሻ መብረቅ ወይም የጠላት እጅ አልነበረም፤ ዘመኑ ያለፈበትን መዝገብ የማስወገድ ተራ የጽሕፈት ቤት ሥራ ነበር። የእንግሊዝ ግምጃ ቤት ከመካከለኛው ዘመን ጀምሮ የገንዘብ ክፍያን የሚመዘግበው በጽሑፍ ብቻ ሳይሆን በእንጨት ላይ ጥርስ እየቆረጠ፣ እንጨቱንም ለሁለት ሰንጥቆ አንዱን ለከፋዩ እየሰጠ ሌላውን እያስቀረ ነበር። አሠራሩ በ1826 ሲቀር የእንጨቱ ክምር ቦታ ማጣበብ እንጂ ሌላ ጥቅም አልነበረውም። ስለዚህ በመኳንንት ምክር ቤት ሥር ባሉት ምድጃዎች እንዲቃጠል ታዘዘ። ሠራተኞቹም ሁለት ጋሪ ሙሉ እንጨት በአንድ ቀን ለመጨረስ ምድጃዎቹን ያለ ልክ አጎረሷቸው፤ የጭስ መውጫዎቹ ጋሉ፤ ሲመሽም ሕንፃው ነደደ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ውሳኔው ስሕተት እንዳልነበረ ልብ ማለት ይገባል። እንጨቱ በእርግጥ ጊዜው አልፎበታል። የጠፋው ግን እንጨቱ ብቻ አይደለም፤ ጊዜው ያላለፈበት የሕዝብ እንደራሴዎች ምክር ቤት የብዙ ዘመን መዝገብ አብሮ ተቃጠለ። የመኳንንቱ ምክር ቤት መዛግብት የተረፉት ጁወል ታወር በሚባለው የተለየ የድንጋይ ግንብ ተቀምጠው ስለ ነበር ነው።

መዝገብ ለምን ያህል ጊዜ ይቆያል፣ ከዚያስ በኋላ ማን ፈቅዶ ይወገዳል የሚለው ጥያቄ በሕግ መልስ ማግኘት የጀመረው ዘግየት ብሎ ነው። እንግሊዞች በ1877 ባወጡት ሕግ ዋጋ የሌለውን የመንግሥት መዝገብ ማጥፋት ሲፈቅዱ ከ1715 በፊት የተጻፈው እንዳይነካ ከለከሉ፤ በ1898 ደግሞ ወሰኑን ወደ 1660 አወረዱት። የአሜሪካ መንግሥት በ1889 ጥቅም የሌላቸው ወረቀቶች በኮንግረስ ፈቃድ እንዲወገዱ ደነገገ። በዚህ ሥርዓት ግን እያንዳንዱ ክምር ለብቻው ዝርዝር ተዘጋጅቶለት መቅረብ ነበረበት። በ1943 የወጣው ሕግ ትልቅ ለውጥ አመጣ፤ አንድ የመዝገብ ዓይነት አንድ ጊዜ ተመርምሮ የማቆያ ዘመኑ በሠንጠረዥ ከተወሰነለት በኋላ፣ ወደፊት የሚፈጠሩት ተመሳሳይ መዛግብት ሁሉ በዚያው ሠንጠረዥ እንዲመሩ አደረገ። ዛሬ ለኮምፒውተር የምንጽፈው ትእዛዝ በመንፈሱ የዚህ ሠንጠረዥ ልጅ ነው፤ ውሳኔው አንድ ጊዜ ይሰጣል፣ አፈጻጸሙ ይደጋገማል።

ሠንጠረዡ ከመምጣቱ በፊት የነበረውን አደጋ የ1890 የአሜሪካ ሕዝብ ቆጠራ ዕጣ በሚገባ ያሳያል። ቅጾቹ በዋሽንግተን በንግድ መሥሪያ ቤት ምድር ቤት ተከምረው ሳለ ጃንዋሪ 10 ቀን 1921 እሳት ተነሣ፤ ከፊሉ ተቃጠለ፣ ከተረፈውም ብዙው በውሃና በጭስ ተበላሸ። የቀረው ግን እንዲሁ ለዓመታት ተቀምጦ ከቆየ በኋላ በፌብሩዋሪ 1933 ከሌሎች ጥቅም የለሽ ከተባሉ ወረቀቶች ጋር እንዲወገድ ኮንግረስ ፈቀደ። በዚያው ወር ለአገሪቱ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ሕንፃ የመሠረት ድንጋይ ተጥሎ ነበር። በዚያ ቆጠራ ከ62 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ተመዝግቦ ሳለ ዛሬ በቅጾቹ ላይ የሚገኘው ስም ከ6,000 ጥቂት ቢበልጥ ነው። እሳቱ የጀመረውን ፊርማ ፈጸመው ማለት ይቻላል።

ወደ ኮምፒውተሩ እንምጣ። በቤል ላቦራቶሪዎች ኬን ቶምፕሰንና ዴኒስ ሪቺ በ1969 የጀመሩት ዩኒክስ የተባለው ሥርዓት ለእኛ ሥራ የሚሆኑ መሣሪያዎችን ያገኘው በሚቀጥሉት አሥር ዓመታት ውስጥ ነው። ፋይሎችን በስማቸው፣ በዕድሜያቸውና በዓይነታቸው ፈልጎ የሚያወጣውን ፋይንድ የተባለ ትእዛዝ ዲክ ሄይት በ1970ዎቹ አጋማሽ ጻፈ። በ1979 በወጣው ሰባተኛው እትም ደግሞ ፋይሎችን አስሮ በማግኔት ቴፕ ላይ የሚያኖረው ታርና ስቲቨን ቦርን ያዘጋጀው ሼል አብረው ቀረቡ። ክሮን የሚባለው ትእዛዙን በተወሰነለት ሰዓት፣ አብዛኛውን ጊዜ ሰው በሌለበት ሌሊት፣ ያስነሣዋል። ሦስት አራት መስመር የሆነች የሼል ጽሑፍ እነዚህን አቀናጅታ ቀድሞ የመዝገብ ቤት ሠራተኞች ሳምንታት ይፈጁበት የነበረውን በአንድ ሌሊት ትፈጽመዋለች። የዌስትሚንስተሩ ምድጃ ጥያቄም የሚነሣው እዚህ ላይ ነው።

የመጀመሪያው ችግር የዕድሜ ነው። ዩኒክስ በየፋይሉ ሦስት ጊዜያትን ይይዛል፤ የተነበበበትን፣ ይዘቱ የተለወጠበትንና ስለ ፋይሉ የተመዘገበው መግለጫ የተለወጠበትን። የመጨረሻውን ብዙ ሰዎች ፋይሉ የተፈጠረበት ቀን አድርገው ይወስዱታል፤ አይደለም፤ የባለቤትነት ወይም የፈቃድ ለውጥ እንኳ ያድሰዋል። የሰባተኛው እትም ዩኒክስ የልደት ቀን ጨርሶ አይመዘግብም ነበር። ስለዚህ ሁሉም ሰው የሚደገፈው ይዘቱ በተለወጠበት ቀን ላይ ነው፤ እርሱም ቢሆን ያሳስታል። ፋይሎች ወደ አዲስ ዲስክ ሲገለበጡ ቀኑን የሚጠብቀው ምርጫ ካልታከለ የሃያ ዓመቱ ደብዳቤ በአንድ ሌሊት የትናንት ልጅ ይሆናል። አንድ ሠራተኛ የፊደል ግድፈት ቢያርምም እንዲሁ ነው። ፋይንድም ዕድሜን የሚቆጥረው በሃያ አራት ሰዓት ክፍል ሲሆን ትርፍራፊውን ይጥላል፤ ከ365 ቀን የበለጠውን አምጣ ቢባል 366 ቀን ያልሞላውን አያመጣም።

በእኛ አገር ሌላ ነገር ይጨመርበታል። የበጀት ዓመታችን ሐምሌ 1 ቀን ይከፈታል፤ ሰኔ 30 ቀን ይዘጋል። ማሽኑ ግን የሚቆጥረው እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970፣ ይኸውም ከታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም. ጀምሮ ያለፉትን ሰከንዶች ነው፤ የእኛን ዘመን አቆጣጠርም የበጀት ዓመትንም አያውቅም። ለምሳሌ አንድ የሒሳብ ሰነድ የበጀት ዓመቱ ካለቀ በኋላ አሥር ዓመት ይቆይ ተብሎ ተወስኗል እንበል። በኅዳር 10 ቀን 2005 ዓ.ም. ለመጨረሻ ጊዜ የተጻፈበት ሰነድ ዘመኑ የሚያበቃው ሰኔ 30 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው። ከፋይሉ ቀን ተነሥቶ 3,650 ቀን የሚቆጥር ትእዛዝ ግን በኅዳር 2015 መጀመሪያ ያነሣዋል፤ ሰባት ወር ያህል ቀድሞ ማለት ነው። መርማሪ ሰነዱን ፈልጎ የሚመጣው ደግሞ በእነዚህ ወራት ሊሆን ይችላል። መፍትሔው አስቸጋሪ አይደለም፤ መዝገቡ የሚዘጋበት የበጀት ዓመት በማኅደሩ ስም ላይ ይጻፍ፣ ትእዛዙም ዓመቱን ከዚያ ያንብብ። የፋይሉ ቀን ምስክር እንጂ ዳኛ ሊሆን አይገባውም።

ሁለተኛው የስም ጉዳይ ነው። የቤል ላቦራቶሪዎች ሰዎች ፋይሎቻቸውን በአጫጭር ቃላት፣ ያለ ክፍት ቦታ ይሰይሙ ነበርና ሼል ክፍት ቦታ ባገኘበት ሁሉ አንዱ ስም አልቆ ሌላው የጀመረ ይመስለዋል። የእኛ ጽሕፈት ቤቶች ግን «የደመወዝ ዝርዝር የካቲት» ብለው ይጽፋሉ። ጥንቃቄ የጎደለው ትእዛዝ ይህን ሦስት ስም አድርጎ ይቆጥርና፣ ከሦስቱ በአንዱ የሚጠራ ሌላ ፋይል ቢያገኝ ያለ ጥያቄ ያጠፋዋል። ዝርዝሩን በክፍት ቦታ ሳይሆን በስም ውስጥ ፈጽሞ በማይገባው ባዶ ምልክት መለየት፣ ስሙንም በጥቅስ ማሰር ግድ የሚሆነው ለዚህ ነው። የስም ርዝመትም አለ። የመጀመሪያው ታር ለአንድ ፋይል ስም ከነማኅደሩ መንገድ የመደበው 100 ባይት ነበር፤ የመጨረሻው ለመዝጊያ ምልክት ይያዛል። በ1999 ወደ ዩኒኮድ የገባው ፊደላችን በተለመደው አጻጻፍ ሦስት ሦስት ባይት ስለሚወስድ በዚያ ቦታ የሚገባው 33 ፊደል ብቻ ነው። በ1988 የጸደቀው መለኪያ ቦታውን ቢያሰፋም የድሮውን ቅርጽ የሚያወጡ መሣሪያዎች ከአገልግሎት የወጡት ቀስ በቀስ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው የቅደም ተከተል ነገር ለእኔ ከሁሉ ይበልጥብኛል። ትእዛዙ በመጀመሪያ ዝርዝር ያውጣ፤ ዝርዝሩን ሰው ይየው፤ በክርክር ወይም በምርመራ ላይ ያሉ መዛግብት ከዝርዝሩ ይውጡ። ከዚያ ይታሰር፤ የታሰረው ተፈትቶ ከዋናው ጋር ይመሳከር፤ ማጥፋት የመጨረሻው ይሁን። ብዙ ጸሐፊዎች ማመሳከሩን ይዘሉታል፤ ታር ራሱ ማረጋገጫ ቁጥር አለው ብለው ስለሚያምኑ። ቁጥሩ አለ፤ የሚጠብቀው ግን የእያንዳንዱን ፋይል መግለጫ ራስጌ ብቻ ነው። በውስጡ ያለው ይዘት ቢበላሽ ታር ዝም ይላል። ስለዚህ የይዘቱን ማረጋገጫ ቁጥር ለብቻው አስልቶ ከማኅደሩ ጋር ማስቀመጥ ይገባል። እንዲሁም ትእዛዙ ወደ አንድ ማኅደር ግባ ተብሎ ማኅደሩን ባያገኘው እዚያው ይቁም፤ ሼል ካልተነገረው በስተቀር አይቆምም፤ ባለበት ሆኖ ቀጣዩን መስመር ይፈጽማል፤ ቀጣዩ መስመር ማጥፊያው ከሆነ ያለበትን ማኅደር ያጠፋል። የምድጃዎቹ ሠራተኞችም የጋለውን የጭስ መውጫ ዞር ብለው አላዩትም ነበር።

ረጅም ዘመን ለሚቆዩ መዛግብት ደግሞ አንድ ቀን በቀን መቁጠሪያ ላይ ምልክት ሊደረግበት ይገባል። ሰከንዶቹን በ32 ቢት የሚይዙት አሮጌ ማሽኖች ቁጥራቸው የሚሞላው እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 19 ቀን 2038 ነው፤ በእኛ ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም.፣ የጥምቀት ዕለት፣ በአዲስ አበባ ሰዓት ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ። ከዚያ የሚቀጥለውን ሰከንድ ማሽኑ በ1901 ያለ ዲሴምበር አድርጎ ያነብበዋል። አደጋው ግን ያን ቀን አይጠብቅም። ዛሬ አንድ የጡረታ መዝገብ እስከ 2035 ዓ.ም. ይቆይ ተብሎ የማብቂያው ቀን በዚህ ዓይነት ማሽን ላይ ቢሰላ፣ ቀኑ ወደ ኋላ ስለሚዞር መዝገቡ ገና ሲከፈት ዘመኑ ያለፈበት ሆኖ ይቆጠራል፤ የሌሊቱም ትእዛዝ ያነሣዋል። የሊኑክስ ከርነል በ2020 በወጣው 5.6 እትም ለ32 ቢት ማሽኖችም መፍትሔ አዘጋጅቷል፤ ታርም ለቀን የመደበው ቦታ በጥንቱ ቅርጽ እንኳ እስከ 2242 ያደርሰዋል። የሚያሰጋው በመካከል ያለው የጽሕፈት ቤቱ የራሱ ፕሮግራም ነው፤ የጻፈው ሰው በሌላ መሥሪያ ቤት ተቀጥሮ፣ መስመሮቹን የሚያነብብ ጠፍቶ፣ በየሌሊቱ በስምንት ሰዓት የሚነሣው።