ፕሮጀክተር በናይሮቢ፦ ብርሃን፣ ከፍታ እና ኤሌክትሪክ

ከናይሮቢ መሃል ከተማ በስተምዕራብ በሚገኘው ሁርሊንግሃም የሚያልፈው አርግዊንግስ ኮዴክ ጎዳና፣ ስሙን ያገኘው ከኬንያ የመጀመሪያው አፍሪካዊ ጠበቃ ነው። ኮዴክ የአገሪቱ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሳሉ በ1969 (እ.አ.አ) በመኪና አደጋ ሕይወታቸው አልፏል። ዛሬ በዚህ ሰፈርና በአጎራባቹ ኪሊማኒ የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች ይገኛሉ፤ ኢትዮጵያውያንም ለበዓል፣ ለሠርግ፣ ለዝክርና ለስብሰባ ይገናኙባቸዋል።

እንዲህ ባሉ መሰባሰቢያዎች ፕሮጀክተር የተለመደ ዕቃ ሆኗል። የሟች ፎቶግራፍ የሚታይበት፣ ከአገር ቤት የመጣ ፊልም የሚቀርብበት፣ የእግር ኳስ ጨዋታ የሚታይበት መሣሪያ ነው። ወደ አገሩ ሄዶ ሠርግ ወይም ቀብር ላይ መገኘት ላልቻለ ቤተሰብ ደግሞ፣ በኢንተርኔት በቀጥታ የሚተላለፈው ምስል ከወገን ጋር የሚያገናኘው ብቸኛው መንገድ ሊሆን ይችላል። ያ ሰዓት አይደገምም። ምስሉ ቢደበዝዝ ወይም ማሽኑ በመሃል ቢጠፋ «ነገ እናየዋለን» አይባልም።

ነገሩ ሲበላሽ ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ በማሽኑ ይሳበባል፤ የተሻለ የሚባለው መፍትሔም ውድ የሆነውን መግዛት ወይም መከራየት ይሆናል። ይሁንና የምስሉን ጥራትና የማሽኑን ዕድሜ በቅድሚያ የሚወስኑት ከማሽኑ ውጭ ያሉ ሦስት ነገሮች ናቸው፦ የአዳራሹ ብርሃን፣ የከተማው ከፍታና የኤሌክትሪኩ አስተማማኝነት። ሦስቱም ከዝግጅቱ ቀን በፊት ሊታወቁ የሚችሉ ናቸው።

ማሽኑ እንዴት ይሠራል?

በገበያ ላይ በብዛት የሚገኙት ዲጂታል ፕሮጀክተሮች በሁለት ይከፈላሉ። ዲኤልፒ የሚባለው፣ የቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ባልደረባ የነበሩት ላሪ ሆርንቤክ በ1987 (እ.አ.አ) በፈለሰፉት ቺፕ ላይ የተመሠረተ ነው። በቺፑ ላይ እጅግ ጥቃቅን መስተዋቶች ተደርድረዋል፤ እያንዳንዱ መስተዋት በሰከንድ በሺዎች ለሚቆጠር ጊዜ እየተገለበጠ ብርሃንን ወደ ሌንሱ ይልካል ወይም ይከለክላል። ሆርንቤክ ለዚህ ሥራቸው በ2015 (እ.አ.አ) የኦስካር ሽልማት ተበርክቶላቸዋል። ሁለተኛው ኤልሲዲ የሚባለው ነው፤ በርካታዎቹ የዚህ ዓይነት ፕሮጀክተሮች ነጩን ብርሃን በቀይ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ ከፍለው በሦስት ትንንሽ ፓነሎች ካሳለፉ በኋላ መልሰው ያዋህዱታል።

ቴክኖሎጂው ለአማርኛ ፊልም ባለውለታ ነው። በ35 ሚሊ ሜትር ፊልም መቅረጽና ማባዛት ከብዙዎች አቅም በላይ በነበረበት ዘመን፣ የአዲስ አበባ ሲኒማ ቤቶች ከ2000ዎቹ (እ.አ.አ) መጀመሪያ አንስቶ በቪዲዮ የተቀረጹ ሥራዎችን በፕሮጀክተር ማሳየት ጀመሩ። የቴዎድሮስ ተሾመ «ቀዝቃዛ ወላፈን» የዚያ ጊዜ ሥራ ነው። ከዚያ በኋላ የአማርኛ ፊልሞች ቁጥር በፍጥነት ጨመረ፤ ሥራዎቹም ኢትዮጵያውያን ወደሚኖሩባቸው ከተሞች አዳራሾች መጓዝ ቻሉ።

አንደኛ፦ ብርሃን

ፕሮጀክተር ጥቁር ቀለም መፍጠር አይችልም። በሸራው ላይ ጥቁር ሆኖ የሚታየው ብርሃን ያልተላከበት ቦታ ብቻ ነው። ስለዚህ በአዳራሹ ውስጥ ያለው መብራት ወይም በመስኮት የሚገባው ፀሐይ ሸራው ላይ ሲያርፍ ጥቁሩ ግራጫ ይሆናል፤ ቀለሙ ይገረጣል፤ ጽሑፉም ይደበዝዛል።

የማሽኑ የብርሃን መጠን የሚለካው በሉመን ነው። ሸራው ላይ የሚደርሰውን ብርሃን ለማወቅ ሉመኑ ለምስሉ ስፋት በካሬ ሜትር ይካፈላል። ለምሳሌ ርዝመቱ 12 ሜትር የሆነ አዳራሽ ቢወሰድ፣ ጽሑፍ ላለበት ዝግጅት የኋለኛው ተመልካች ርቀት ከምስሉ ቁመት ስድስት እጥፍ ባይበልጥ ይመረጣል። ይህ ማለት የምስሉ ቁመት 2 ሜትር፣ አግድሙ ደግሞ በተለመደው 16 በ9 ቅርጽ 3.55 ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ስፋቱም 7.1 ካሬ ሜትር። 3,000 ሉመን ያለው ማሽን በዚህ ላይ ወደ 420 ሉክስ ይሰጣል። በደንብ የበራ ቢሮ ጠረጴዛ ላይ የሚያርፈው ብርሃን 500 ሉክስ ያህል በመሆኑ፣ መብራቱ ሳይጠፋ ይህን ምስል በአግባቡ ማየት አይቻልም። መብራቱ ሲጠፋና መጋረጃው ሲዘጋ ግን ያው ማሽን በቂ ይሆናል።

የምስሉ አግድምና ቁመት በእጥፍ ቢጨምር ያው ብርሃን በአራት እጥፍ ስፋት ላይ ይበተናል። «ትልቅ ይሁን» የሚለው ፍላጎት ምስሉን የሚያደበዝዘው በዚህ ምክንያት ነው።

በናይሮቢው ሉቱሊ ጎዳናም ሆነ በመርካቶ የኤሌክትሮኒክስ ሱቆች ዕቃ የሚመርጥ ሰው፣ በካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈውን የሉመን ቁጥር ብቻ ማመን የለበትም። ተዓማኒ የሆነው በኤኤንኤስአይ ወይም በአይኤስኦ 21118 መስፈርት የተለካው ነው። የምስል ጥራትም እንዲሁ ነው፤ አንድ ማሽን የ1080 ምስልን «ይቀበላል» ማለትና የራሱ ፓነል 1080 መሆኑ የተለያዩ ናቸው።

ከቤት ውጭ ለማሳየት ለሚያስቡ ደግሞ ሰማዩ ራሱ መርሐ ግብር ያወጣል። ናይሮቢ ለምድር ወገብ ቅርብ በመሆኗ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ የምትጠልቀው ከምሽቱ 12፡10 እስከ 12፡45 ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ከምሽቱ 1፡15 በፊት ጥርት ያለ ምስል መጠበቅ አይቻልም። ፋሲካ የሚውለው ከመጋቢት መጨረሻ እስከ ሚያዝያ መጨረሻ ባለው ጊዜ፣ ማለትም በኬንያ ረጅሙ የዝናብ ወቅት ውስጥ በመሆኑ፣ የግቢ ዝግጅት ያለ ድንኳን አደጋ አለው። የእንቁጣጣሽ ሰሞን ግን በናይሮቢ ብዙ ጊዜ ደረቅ ነው።

አቀማመጥ

ማሽኑ ከሸራው ምን ያህል መራቅ እንዳለበት በመመሪያው ላይ ይገኛል። የርቀት ምጣኔው 1.5 ከሆነ፣ የምስሉ አግድም በ1.5 ይባዛል፤ ከላይ ለተጠቀሰው 3.55 ሜትር ምስል 5.3 ሜትር ያስፈልጋል ማለት ነው። ይህን ሳይለኩ ጠረጴዛ ማስቀመጥ፣ ሰው ከተቀመጠ በኋላ ወንበር ወደ ማስነሳት ይመራል።

ማሽኑ ከሸራው መሃል ፊት ለፊትና በአግድሙ ቀጥ ብሎ መቀመጥ አለበት። ወደ ላይ ሲያዘነብል ምስሉ ከላይ ሰፍቶ ከታች ይጠባል። ኪስቶን የሚባለው ማስተካከያ ይህን ያርማል፤ ነገር ግን የሚያርመው ከፓነሉ ከፊሉን ባለመጠቀም በመሆኑ ብርሃንና ጥራት ይቀንሳል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ መጀመሪያ ማሽኑን ማስተካከል፣ ቀጥሎ በዙም መጠኑን መወሰን፣ ከዚያ በፎከስ ማጥራት፣ ኪስቶንን በመጨረሻ መጠቀም። ፎከሱ ማሽኑ ለጥቂት ደቂቃዎች ከሞቀ በኋላ እንደገና ቢታይ መልካም ነው።

ሁለተኛ፦ ከፍታ

ናይሮቢ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ፣ አዲስ አበባ ደግሞ ወደ 2,400 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻ ጋር ሲነጻጸር በናይሮቢ 20 በመቶ፣ በአዲስ አበባ 25 በመቶ ያህል ያነሰ ነው። ፕሮጀክተር የሚቀዘቅዘው ማራገቢያው በሚያሳልፈው አየር ነው። አየሩ ሲሳሳ ያው ማራገቢያ የሚወስደው ሙቀት ያንሳል።

አምራቾች ለዚህ ሲሉ በማውጫው ውስጥ «ከፍተኛ ቦታ» የሚል ማስተካከያ ያስቀምጣሉ። ሲበራ ማራገቢያው በፍጥነት ይሽከረከራል። ብዙዎቹ መመሪያዎች ከ1,500 ሜትር በላይ ላሉ ቦታዎች ይህን ማብራት እንደሚገባ ያዛሉ፤ ናይሮቢም አዲስ አበባም ከዚህ ወሰን በላይ ናቸው። ማስተካከያው ከፋብሪካ ሲወጣ ብዙ ጊዜ የጠፋ ነው። ባለቤቱ ካላበራው ማሽኑ ሞቆ በመሃል ሊጠፋ፣ የአምፖሉም ዕድሜ ሊያጥር ይችላል። ከበራ በኋላ የማራገቢያው ድምፅ ይጨምራል፤ ይህ ብልሽት አይደለም።

ከዚሁ ጋር የአየር ማጣሪያው ከአቧራ መጽዳት፣ የማሽኑ የአየር መውጫም ከግድግዳና ከመጋረጃ መራቅ አለበት። ማሽኑን ጨርቅ በለበሰ ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ የተለመደ ቢሆንም፣ የአየር መግቢያቸው ከሥር ለሆኑ ማሽኖች ጎጂ ነው። የሜርኩሪ አምፖል በአብዛኛው ከ3,000 እስከ 5,000 ሰዓት ያገለግላል፤ የሌዘር ብርሃን ያላቸው ማሽኖች 20,000 ሰዓት ይደርሳሉ። ያገለገለ ማሽን የሚገዛ ሰው በማውጫው ውስጥ የአምፖሉን ሰዓት ሳያይ ገንዘብ መክፈል የለበትም።

ሦስተኛ፦ ኤሌክትሪክ

የኬንያ ኤሌክትሪክ 240 ቮልት፣ የኢትዮጵያ 220 ቮልት ሲሆን ሁለቱም 50 ኸርዝ ናቸው። ዛሬ የሚሠሩት አብዛኞቹ ፕሮጀክተሮች ከ100 እስከ 240 ቮልት ስለሚቀበሉ ከአዲስ አበባ የመጣ ማሽን ትራንስፎርመር አያስፈልገውም፤ ማረጋገጫው በማሽኑ ጀርባ የተለጠፈው ጽሑፍ ነው። የሚለያየው ሶኬቱ ነው። ኬንያ የምትጠቀመው ሦስት ጠፍጣፋ እግር ያለውን የእንግሊዝ ዓይነት በመሆኑ አስማሚ መያዝ ይገባል።

ትልቁ ስጋት የመብራት መጥፋት ነው። ነሐሴ 19/2015 ዓ.ም ምሽት አብዛኛው የኬንያ ክፍል በአንድ ጊዜ ጨለማ ውስጥ ሲገባ፣ የጆሞ ኬንያታ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ እንኳ ተስተጓጉሎ ነበር። አምፖል ያለው ፕሮጀክተር ሲጠፋ ማራገቢያው ለተወሰነ ጊዜ እየሠራ የጋለውን አምፖል ያቀዘቅዛል። መብራት በድንገት ሲጠፋ ይህ ዕድል አይኖርም፤ ገመዱን ከግድግዳ መንቀልም ተመሳሳይ ጉዳት አለው። አነስተኛ ዩፒኤስ ሙሉ ፊልም ባያስጨርስም፣ ጄኔሬተር እስኪነሳ ለማቆየት ወይም ማሽኑን በሥርዓት ለማጥፋት ያገለግላል። ኃይሉ ሲመለስ የሚመጣው የቮልቴጅ ጭማሪ ሌላው ጠላት በመሆኑ፣ ማሽኑን መከላከያ ባለው ዲቫይደር ላይ መሰካት ይመከራል።

የአማርኛው ጽሑፍ ሳጥን ሲሆን

ማሽኑ በትክክል ተተክሎ፣ የተዘጋጀው የአማርኛ ጽሑፍ በባዶ ሳጥኖች ተተክቶ መታየቱ ሌላው የተለመደ ችግር ነው። ምክንያቱ ፕሮጀክተሩ አይደለም፤ በተዋሱት ላፕቶፕ ውስጥ የግዕዝ ፊደል ቅርጽ አለመኖሩ ነው። በዊንዶውስ 10 ኒያላ የተባለው ፊደል እንደ ተጨማሪ ጥቅል ካልተጫነ አይገኝም። ዩኒኮድን በማይከተሉ የቀድሞ ፕሮግራሞች የተጻፈ ከሆነ ደግሞ ጽሑፉ ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደላት ሆኖ ይወጣል። ቀላሉ መፍትሔ ጽሑፉን በተዘጋጀበት ኮምፒውተር ላይ ወደ ፒዲኤፍ መቀየር ነው። የፊልም የግርጌ ጽሑፍ ፋይል ከሆነ በዩቲኤፍ 8 መቀመጥ አለበት።

ምስሉ ከላፕቶፑ ካልመጣ፣ በዊንዶውስ የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍና «ፒ»ን አንድ ላይ በመጫን «ማባዛት» የሚለውን መምረጥ ያስፈልጋል። ድምፁ በኤችዲኤምአይ ገመድ አብሮ ወደ ፕሮጀክተሩ ስለሚሄድ በትንሿ ድምፅ ማጉያው ሊቀር ይችላል፤ በገመድ ከአዳራሹ አምፕሊፋየር ጋር ማገናኘት ይሻላል። ብሉቱዝ ድምፅን ስለሚያዘገይ የተናጋሪው ከንፈርና ቃሉ አይገጥሙም።

ፈቃድ እና ደኅንነት

በኬንያ ፊልምን ለሕዝብ ማሳየት በፊልሞችና የመድረክ ተውኔቶች ሕግ የሚገዛ ሲሆን፣ የአገሪቱ የፊልም ምደባ ቦርድ ይቆጣጠረዋል። ከዚህ በተጨማሪ የፊልሙ ባለቤት ፈቃድ ያስፈልጋል። መግቢያ የተከፈለበት የአማርኛ ፊልም ያለ ፈቃድ ሲታይ የሚጎዳው፣ በቅድሚያ ያንኑ ማኅበረሰብ አምኖ ሥራውን ያወጣው ባለሙያ ነው።

ልጆች ባሉበት አዳራሽ ማሽኑ ከዓይናቸው ከፍታ በላይ ቢቀመጥ ይመረጣል። በተለይ ጠንካራ የሌዘር ማሽኖችን ሌንስ በቅርበት ትኩር ብሎ ማየት ዓይንን ይጎዳል። በመተላለፊያ የተዘረጉ ገመዶችም በፕላስተር ወደ ወለሉ መያያዝ አለባቸው፤ በጨለማ የሚሄድ አረጋዊ ቀድሞ የሚያገኘው ገመዱን ነውና።

ሙከራው ከዝግጅቱ በፊት ባለው ቀን፣ በዚያው አዳራሽና በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ላፕቶፕና ፋይል ቢደረግ የተጠቀሱት ችግሮች አብዛኞቹ ሰው ሳይሰበሰብ ይገለጣሉ። በዚያ ሙከራ ወደ መጨረሻው ረድፍ ሄዶ ተቀምጦ ትንሹን ጽሑፍ ማንበብ ይገባል። ከዚያ ወንበር የማይነበብ ከሆነ ፊደሉ ይተልቅ፣ መጋረጃው ይዘጋ ወይም ወንበሮቹ ወደ ሸራው ይጠጉ።