ዳዊትና ተረት፦ ለሕፃናት መጽሐፍ የመምረጥ ታሪክ በኢትዮጵያ

በደገኛው የኢትዮጵያ ክፍል የቄስ ትምህርት ቤት የገባ ልጅ በአንድ ጊዜ በሁለት ዓይነት ቃል ያድግ ነበር። አንዱ ቀን ከየኔታ ፊት ተቀምጦ የሚያነበው በግዕዝ የተጻፈ መንፈሳዊ መጽሐፍ ሲሆን፣ ሌላው ማታ እሳት ዳር ከእናቱ ወይም ከአያቱ አፍ የሚሰማው ተረት ነው። የመጀመሪያው ተጽፏል፤ ልጁ ግን ትርጉሙን አያውቀውም። ሁለተኛውን ልጁ አሳምሮ ያውቀዋል፤ ነገር ግን አልተጻፈም። ለሕፃናት የሚስማማ መጽሐፍ የመምረጥና የንባብ ፍቅር የማሳደር ሥራ በአገሪቱ ያለፈበት መንገድ፣ በአመዛኙ እነዚህ ሁለቱ በአንድ ገጽ ላይ እስኪገናኙ ድረስ የተኬደ ረጅም ጉዞ ነው።

የቤተ ክርስቲያን ትምህርት የመጀመሪያው ደረጃ ንባብ ቤት ይባላል። ሕፃኑ መጀመሪያ ፊደል ይቆጥራል፤ ይኸውም ከ“ሀ” ጀምሮ ያሉትን ፊደላት አንድ በአንድ በስንደዶ እየነካ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ እየጠራ መለየት ነው። ልጆች የፊደሉን ተራ በዜማ ሸምድደው ሳያዩ መጥራት ስለሚቀናቸው፣ ቀጥሎ አቡጊዳ ይሰጣቸዋል። አቡጊዳ የፊደላቱ ተራ ተለውጦ የተደረደረበት ገበታ በመሆኑ፣ ተማሪው በጆሮው የያዘውን በዓይኑም ማወቁ የሚፈተነው በእርሱ ነው። ከዚያ ፊደለ ሐዋርያ የሚባለውን የዮሐንስን መልእክት፣ ቀጥሎም ወንጌለ ዮሐንስን ያነባል፤ አነባበቡም ቀስ ብሎ ከሚዘለቀው ግዕዝ ንባብ ተነሥቶ፣ በውርድ ንባብ አልፎ፣ ያለ ማቋረጥ ወደሚፈስሰው ቁም ንባብ ያድጋል። ቃላቱ ተነሽ፣ ወዳቂ፣ ሰያፍና ተጣይ ተብለው እንደየአነጋገራቸው ስለሚለዩ፣ ድምፁን ያሳተ ልጅ ወዲያው ይታረማል።

የዚህ ሁሉ መድረሻ መዝሙረ ዳዊት ነው። ዳዊት የተመረጠው የሕፃኑን ዕድሜና ዝንባሌ በመመዘን ሳይሆን፣ የጸሎት መጽሐፍ እንደ መሆኑ መጠን ዕድሜ ልክ የሚያገለግል ስንቅ በመሆኑ ነው። መጽሐፍ በብራና ላይ በእጅ በሚጻፍበት፣ ብራናውም ከበግና ከፍየል ቆዳ ተፍቆ በሚዘጋጅበት ዘመን፣ የብዙው ቤተሰብ መጽሐፍ ቢበዛ አንድ ስለነበር ምርጫው ጠባብ ነበር። ያም ሆኖ ሥርዓቱ ዛሬም ሊታሰብበት የሚገባ ጥበብ ነበረው። ትምህርቱ በደረጃ የተከፈለ ነበር፤ ትልልቆቹ ተማሪዎች ትንንሾቹን ያስቀጽሉ፣ ማለትም እያስነበቡ ያለማምዱ ነበር፤ ልጁ ዳዊት ሲደግም ማለትም አንብቦ ሲጨርስ፣ ወላጆቹ ድግስ ደግሰው ጎረቤት ጠርተው ደስታቸውን ይገልጹ ነበር። ማንበብ የመንደሩ ሁሉ ክብር ስለነበረ፣ ልጁ የቃሉን ትርጉም ሳያውቅ እንኳ የንባብን ዋጋ ያውቅ ነበር። ጉድለቱም ግልጽ ነው፤ ከዚህ ማዕድ ሴቶች ልጆች እምብዛም አልተካፈሉም፣ የልጁ የራሱ ቋንቋና ዓለምም ከመጽሐፉ ውጭ ቀርተዋል።

በ1900 ዓ.ም. ገደማ የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ሲከፈት፣ በ1914 ዓ.ም. የብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ሲቋቋም የመጽሐፍ ነገር መለወጥ ጀመረ። ተስፋ ገብረ ሥላሴ ያሳተሙት የፊደል ገበታ በየቄስ ትምህርት ቤቱና በየቤቱ ስለተሰራጨ፣ ቁጥር ስፍር የሌለው ሕፃን “ሀ ሁ” ያለው በዚያ ወረቀት ነው። አገሪቱ ከጣሊያን ወረራ ነጻ ከወጣች በኋላ ደግሞ የከበደ ሚካኤል “ታሪክና ምሳሌ” በተማሪዎች እጅ ገባ፤ የማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል “እንቅልፍ ለምኔ”ም ማታ ማታ ይነገር የነበረውን ተረትና እንቆቅልሽ ወደ መጽሐፍ አመጣ። ጅብና አህያ፣ አንበሳና ቀበሮ የሚነጋገሩበት ታሪክ በአማርኛ ታትሞ ሲገኝ፣ አማርኛ ተናጋሪው ልጅ የሚያውቀውን ነገር በፊደል ተጽፎ አየ።

ይሁን እንጂ ለአንዱ የቀረበው ለሌላው ሩቅ ነበር። በ1950ዎቹ አጋማሽ አማርኛ የአንደኛ ደረጃ ማስተማሪያ ቋንቋ ሲሆን፣ በቤቱ በሌላ ቋንቋ ተረት የሰማው ሕፃን በንባብ ቤት የነበረው ዓይነት እንግድነት ገጠመው፤ ፊደሉን ይጠራል፣ ትርጉሙ ግን ያመልጠዋል። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በጊዜ ሂደት በ15 ቋንቋዎች መሰጠቱ፣ ቀጥሎም በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ሕፃናት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ መፍቀዱ ይህን ክፍተት ለማጥበብ የተወሰዱ እርምጃዎች ናቸው። በእነዚህ ዓመታት ኩራዝ አሳታሚ ድርጅት የልጆች መጻሕፍትን አሳትሟል። ተስፋዬ ሣህሉም “አባባ ተስፋዬ” በሚል ስም ለአርባ ዓመታት ያህል በቴሌቪዥን ተረት በማውራት፣ የእሳት ዳሩን ወግ ለከተማ ልጆች አቆይተዋል።

የተጻፈው ቃልና የእሳት ዳሩ ተረት በግልጽ የተገናኙት ግን ከአገር ርቆ በተጀመረ ሥራ ነው። በአሜሪካ በሳን ፍራንሲስኮ ቤተ መጻሕፍት የልጆች ክፍል ይሠሩ የነበሩት ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ፣ መደርደሪያው የብዙ አገር ቋንቋ መጻሕፍት ሲሞሉት የአማርኛ የልጆች መጽሐፍ እንደሌለ አስተዋሉ። ስለዚህ የማሞ ቂሎን ተረት በቀለም ሥዕል አስጊጠው በአማርኛና በእንግሊዝኛ አሳተሙ፤ በ1995 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሾላ አካባቢ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ፤ ጥቂት ቆይቶም በሐዋሳ በአህያ የሚጎተት ተንቀሳቃሽ ቤተ መጻሕፍት አስጀመሩ። ጋሪው በቆመበት ስፍራ መጻሕፍቱ በግልጽ ተደርድረው ይታዩ ስለነበር ልጁ ዓይኑ የወደደውን ራሱ ያነሣ ነበር፤ ይህም ለዘመናት መጽሐፉ ልጁን እንጂ ልጁ መጽሐፉን ላልመረጠበት ታሪክ ትልቅ ለውጥ ነበር።

ይሁንና ጉዞው ገና አላለቀም፤ በ2002 ዓ.ም. በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተደረገ የንባብ ምዘና፣ ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች አንድ ሦስተኛ ያህሉ ከቀረበላቸው ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ እንዳልቻሉ አሳይቷል። የመፍትሔው አካል በታሪኩ ውስጥ ይገኛል። ከንባብ ቤት መወሰድ ያለበት የደረጃው ጥንቃቄ፣ ከልጁ ጎን የማይጠፋው አስቀጻይና ንባብ ለጨረሰ ልጅ የሚደረገው ድግስ ነው፤ ከእሳት ዳሩ መወሰድ ያለበት ደግሞ ልጁ በሚገባው ቋንቋ፣ በሚያውቀው ዓለም የተነገረው ታሪክ ነው። እንግዲህ ለትንሽ ተማሪ መጽሐፍ የሚመርጥ መምህርም ሆነ ወላጅ፣ ቃላቱ ለዕድሜው የተመጠኑ፣ ተረቱ ከጆሮው የተስማማ መጽሐፍ ፈልጎ፣ እንደ ቀድሞው አስቀጻይ አብሮት ሊቀመጥ ይገባዋል። ያን ጊዜ ልጁ ቀን ያነበበውን ማታ ለአያቱ መልሶ ይተርካል።