በመቄትና በዋድላ ደጋ ያለፈው መዳብ

ከደብረ ታቦር ተነስቶ በነፋስ መውጫና በጨጨሆ በኩል ወደ ወልድያ የሚሄድ መንገደኛ ፍላቂት ከመድረሱ በፊት ደብረ ዘቢጥን ያገኛል። ዛሬ መኪና በሰዓታት የሚጨርሰውን ይህን አገር አፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ ሲያቋርጡ ወራት ፈጅቶባቸዋል። ምክንያቱ ሴባስቶፖል ነው፤ ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝን፣ በብዙ መቶ ሰው ጉልበት የሚጎተት መድፍ።

መድፉ የተሠራው ደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ነው። ዋልድማየርን የመሳሰሉ ሚሲዮናውያንና እንደ ሞሪትዝ ሆል ያሉ የእጅ ባለሙያዎች ነበሩ የንጉሡን ትእዛዝ የተቀበሉት። ወንጌል ሊሰብክ የመጣ ሰው መዳብ ቀላጭ ሆኖ ማደሩ የዘመኑ ጉድ ነው። ሥራውም ቀላል አልነበረም። መዳብ ብቻውን ለመድፍ ይለሰልሳል፤ ቆርቆሮ ሲገባበት ይጠነክራል፤ ቆርቆሮው ከበዛ ደግሞ ይሰባበራል። እንግሊዞች ለዚህ ልኬት ሁለት ስም አላቸው። ከመቶ አሥር እጅ ገደማ ቆርቆሮ ያለበት ጋንሜታል ይባላል፣ የመድፍ ብረት ማለት ነው። ቆርቆሮው ሃያና ከዚያ በላይ ሲደርስ ቤልሜታል፣ የደወል ብረት ይሆናል። ይህኛው ድምፁ ያምራል እንጂ ባሩድ አይችልም።

ንጉሡ መድፉን ይዘው ከደብረ ታቦር የተነሱት በመስከረም 1860 ማብቂያ ነው። ዳገቱን ማስቆፈር፣ ድንጋዩን ማስፈንቀል፣ ሠረገላውን በገመድ ማስያዝ ነበረባቸው። መንገዱን ራሳቸው እየሠሩ ነበር የሄዱት። በቤተ ሖር አልፈው የጅጣን ገደል ወርደው ደላንታ ወጡ፤ ከዚያም በሽሎን ተሻግረው መቅደላ የገቡት በመጋቢት ነው።

የሚገርመው ቀጥሎ የሆነው ነው። ከዙላ ተነስቶ በላስታ በኩል የመጣው የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር ጦር ዋድላ ላይ ሲደርስ የቴዎድሮስን መንገድ አገኘው። ጅጣን የወረደውም በዚያው መንገድ ነው። ንጉሡ ለመድፋቸው የደለደሉት ጎዳና ጠላታቸውን አደረሰ። ሚያዝያ 3 እሮጌ ላይ በተደረገው ውጊያ ከንጉሡ ትላልቅ መድፎች አንዱ ባሩዱ በዝቶበት ፈነዳ፤ ሚያዝያ 6 ቀን ቴዎድሮስ ራሳቸውን ሠዉ።

ከዚያ በኋላ የመዳብ ዕድል ለሁለት ተከፈለ። ሴባስቶፖል ከብዶ እዚያው መቅደላ ቀረ፤ አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ ያለው አምሳያው ነው። እንግሊዞቹ ሊሸከሙት የቻሉት ሁሉ ግን ተዘርፎ ሄደ። አሥራ አምስት ዝሆንና ሁለት መቶ የሚጠጋ በቅሎ ዘረፋውን ተሸክመው ደላንታ ሜዳ ላይ አወረዱት፤ መስቀሉም ጽዋውም ብራናውም ለወታደሮቹ በጨረታ ተሸጠ። የብሪቲሽ ሙዚየሙ ሪቻርድ ሆልምስ ከገዢዎቹ አንዱ ነበር።

ከመቅደላ የሄደው ዝነኛው ዘውድ ዛሬ ለንደን ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ውስጥ ይገኛል። ሰው ሁሉ የወርቅ ዘውድ ይለዋል። የሙዚየሙ መግለጫ ግን ወርቅና በወርቅ የተለበጠ መዳብ ነው የሚለው፤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1740ዎቹ አካባቢ የተሠራ፣ የብርጭቆ ጌጥ ያለበት። መዳብ መኖሩ ዋጋውን አይቀንሰውም፤ ለምን እንደተዘረፈም አይለውጠውም። ኢትዮጵያ ቅርሶቹ እንዲመለሱ ስትጠይቅ ቆይታለች። በ2010 ዓ.ም. የሙዚየሙ ዳይሬክተር ትሪስትራም ሀንት ለረጅም ጊዜ በውሰት ሊሰጡ እንደሚችሉ ተናግረው ነበር። የራስን ዘውድ መዋስ ግን ለሚሰማው ሰው ይከብዳል፤ ለኔም ከብዶኛል።