ጳውሎስ ኞኞ ከመንጌ ሲነበብ



አዲስ ተማሪዎችን «ታሪክን መጀመሪያ ከማን አነበባችሁ?» ብዬ ስጠይቅ፣ አዘውትሬ የምሰማው የጳውሎስ ኞኞን ስም ነው። መደበኛ ትምህርቱ ከአራተኛ ክፍል ያላለፈው ይህ ጋዜጠኛ በአዲስ ዘመን ጋዜጣ «አንድ ጥያቄ አለኝ» በተሰኘው ዓምዱ ለአንባቢ ጥያቄ ሲመልስ ኖሯል። የትረካ ስልቱም ከዚያው የመጣ ይመስለኛል፤ አንባቢው ቀጥሎ ምን እንደሚጠይቅ ያውቅ ነበርና።

«አጤ ምኒልክ» የታተመው በ1984 ዓ.ም. ነው። ጳውሎስ የንጉሠ ነገሥቱን ደብዳቤዎች ሳይቆራርጥ ያቀርባል። በተማሪነቴ ይህን የትንተና ድክመት አድርጌ እቆጥረው ነበር። ዛሬ ግን ሐሳቤን ለውጫለሁ፤ አንባቢ ደብዳቤውን ራሱ አንብቦ እንዲፈርድ መተው ለአንባቢው የሚሰጥ ክብር ነው። እኛ ምሁራን ይህን ክብር እምብዛም አንሰጥም።

ሆኖም ያደግሁት መንጌ ነውና ሌላም ነገር ይታየኛል። ክልሉ ስሙን ያገኘበት «ቤላ ሻንጉል»፣ የሻንጉል ድንጋይ ማለት ነው፤ ቅዱስ ተብሎ የሚከበረው ድንጋይም የሚገኘው በመንጌ ነው። በ1890 ዓ.ም. የራስ መኰንን ጦር ወደዚህ ምድር ሲዘምት፣ የቤላ ሻንጉሉ ሼክ አብዱራህማን ሖጀሌና የአሶሳው ሼክ ሖጀሌ አልሐሰን የተከተሉት መንገድ የተለያየ ነበር። በግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር የተፈረመው ውል ድንበሩን ሲወስን፣ ግብሩ ወርቅም ባሪያም ነበር።

የቤተ መንግሥቱ ደብዳቤ የሚያሰማን የአዛዡን ድምፅ ነው። ሼኮቹ የሚጻጻፉት በዐረብኛ ነበር፤ ወርቁን በወንዝ ዳር ያጥብ የነበረው በርታ ደግሞ ደብዳቤ አልጻፈም። ባሪያ ሆኖ የተነዳውማ ጨርሶ አይሰማም። አሌሳንድሮ ትሪዩልዚ ስለ ወርቅ፣ ጨውና የሥልጣን ቅቡልነት በ1981 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ጥናት በዐረብኛ ሰነዶችና በአፈ ታሪክ መደገፉ ይህን ክፍተት በከፊል ሞልቶልናል። ነገር ግን በአማርኛ አልተጻፈም፤ የመንጌ ተማሪም በሻይ ቤት ተቀምጦ አያነበውም።

እንግዲህ ጥያቄዬ ይህ ነው፦ ጳውሎስ ለደብዳቤ የሰጠውን ቦታ ለሽማግሌ ቃል ብንሰጥ፣ ትረካው ምን ይመስላል? ባለፈው ክረምት ሁለት ተማሪዎቼን ወደ መንጌ ስልክ፣ ያስያዝኳቸው የመጀመሪያው ጥያቄ «ግብሩ ከስንት ቤት ስንት ነበር? ማንስ ይመዝነው ነበር?» የሚል ነው። ከሚዛኑ መጀመራቸውን ጳውሎስም ይወደው ነበር ብዬ አስባለሁ። መልሱን በሚቀጥለው ሳምንት እነርሱ ራሳቸው ያነቡላችኋል።