የቪምን ቀለሞች ማን ያድሳቸዋል?

በትምህርቴ የሕግ ሰው ነኝ፤ ከኮምፒውተር ጋር የተዋወቅሁትም ዘግይቼ ነው፡፡ ይሁንና አንዲት አነስተኛ ሰርቨር አለችኝ፤ የኮንፊገሬሽን ፋይሎቿን የማርመው ቪም በተባለው የጽሑፍ ማረሚያ ነው፡፡ ቪም የሚያውቃቸውን ቃላት በቀለም ይለያል፡፡ ብዙዎቻችን ታዲያ ቀለም የያዘውን ሁሉ ትክክል ነው ብለን እናልፋለን፡፡

አሠራሩ ግን ሌላ ነው፡፡ ቪም የፋይሉን ስም ወይም የተቀመጠበትን ቦታ አይቶ ዓይነቱን ይለይና ለዚያ ዓይነት የተዘጋጀውን የሲንታክስ ፋይል ይጭናል፡፡ እዚያ ውስጥ ያለው በአብዛኛው የቃላት ዝርዝር ነው፡፡ ዝርዝሩን የሚጽፈውም ሰው ነው፤ የኃላፊው ስምና የመጨረሻው ማሻሻያ ቀን አብዛኛውን ጊዜ ከፋይሉ አናት ላይ ይሰፍራሉ፡፡ ቪምን እ.ኤ.አ. በ1991 ለሕዝብ ያቀረቡት ሆላንዳዊው ብራም ሙሌናር (ተጠቃሚዎች መለገስ ቢፈልጉ ለኡጋንዳ ሕፃናት እንዲለግሱ ይጠይቁ ነበር) በኦገስት 2023 አርፈዋል፤ ሥራው በበጎ ፈቃደኞች ቀጥሏል፡፡

ችግሩ ፕሮግራሙ ተለውጦ ዝርዝሩ ባለበት ሲቀር ነው፡፡ ሰርቨርን ከርቀት ለማስተዳደር የሚያገለግለው ኦፕንኤስኤስኤች በማርች 2021 ባወጣው 8.5 ዕትም፣ «ፐብኪ አክሰፕትድ ኪ ታይፕስ» ይባል የነበረውን ትዕዛዝ «ፐብኪ አክሰፕትድ አልጎሪዝምስ» አለው፡፡ የእኔ ቪም አሮጌ ስለነበር አዲሱን ስም ያለ ቀለም አሳየኝ፡፡ እኔም የተሳሳትኩ መስሎኝ ትክክለኛውን ሰርዤ አሮጌውን መለስኩ! ደግነቱ አሮጌውም ስም ይሠራል፡፡ ነገሩ በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ዘመን የ1949ኙን የወንጀለኛ መቅጫ ይዞ ችሎት እንደመቆም ነው፤ ለሕግ ሰው ያሳፍራል፡፡

የጎደለ ቃል ያገኘ ሰው ከቪም ጋር የመጣውን ፋይል መነካካት የለበትም፤ በሚቀጥለው ዕትም ይጠፋበታል፡፡ በራሱ የቪም ማኅደር ውስጥ «አፍተር»፣ በእሱም ውስጥ «ሲንታክስ» የሚል ማኅደር ከፍቶ ጭማሪውን እዚያ ይጻፍ፤ ቀጥሎም ለፋይሉ ኃላፊ ይላክለት፡፡

ፍርዱን የሚሰጠው ግን ፕሮግራሙ ነው፡፡ ኤስኤስኤችዲን በ«ሰረዝ ቲ» ቢያዙት ሥራ ሳይጀምር ፋይሉን ብቻ መርምሮ ስሕተት ካለ ከነመስመሩ ይናገራል፡፡ እኔ አሁን ይህን ሳላደርግ አገልግሎቱን ዳግም አላስነሳም፤ ያኔም ቢሆን የገባሁበትን መስኮት ሳልዘጋ በሌላ መስኮት መግባት መቻሌን አረጋግጣለሁ፡፡