ዴም፣ ደረጃ፣ ሰፈር፦ በካርቱም የመሬት ምደባ ታሪክ ውስጥ የነዋሪ ስጋትና የቦታ ስያሜ

1. መነሻ

የከተማ መሬት ምደባ ሲለወጥ ነዋሪዎች የሚያነሡት ስጋት አብዛኛውን ጊዜ የሚጠናው በካሬ ሜትር፣ በካሳና በኪራይ መጠን ነው። ይህ አጭር ጽሑፍ ጉዳዩን በቃላት በኩል ይመለከተዋል። ትኩረቱ የካርቱም ዲዩም፣ ማለትም ከባቡር ሐዲዱ በስተ ደቡብ የነበሩት የሠራተኛ መንደሮች ናቸው። መንደሮቹ ከ1949 ጀምሮ ፈርሰው ነዋሪዎቻቸው ወደ አዲስ ቦታ ተዛውረዋል (ዘመኑ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። በካርቱም ጠባብ ቦታና የተጨናነቀ አሰፋፈር የተመደበው የይዞታ ዋስትናው ለሳሳ ነዋሪ ነበር። ይህ ልዩነት ከአስተዳደር መዝገብ አልፎ በሰፈር ስሞች ውስጥ እንዴት እንደ ተቀመጠ ማሳየት የጽሑፉ ዓላማ ነው።

2. ዴም እና ሰፈር

በሱዳን ዐረብኛ «ዴም» (ብዙ ቁጥሩ «ዲዩም») ሰዎች ተሰባስበው የሰፈሩበትን ቦታ ያመለክታል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የባሪያ ነጋዴው አዝ-ዙበይር ረሕማ በባሕር አል-ገዛል የነበረው መቀመጫ ዛሬም ዴም ዙበይር ይባላል፤ ፖርት ሱዳንም ዴም አል-ዐረብ የሚባል መንደር አላት። ለአማርኛ ተናጋሪ ትይዩው ሩቅ አይደለም። «ሰፈር» የወጣው «ሰፈረ» ከሚለው ግስ ሲሆን፣ የሠራዊት ማረፊያ ከሚለው ትርጉሙ ተነሥቶ የከተማ መንደር መጠሪያ ሆኗል። ይሁን እንጂ የአሰያየሙ መንገድ ይለያያል። ደጃች ውቤ ሰፈር የመኳንንት ስም፣ ሠራተኛ ሰፈር የነዋሪዎቹን ሥራ ይዘዋል። በካርቱም ግን ብዙዎቹ ዲዩም የተጠሩት በነዋሪዎቻቸው የትውልድ ማኅበረሰብ ነው።

ሦስት ስሞችን ብቻ እንውሰድ። ዴም ተዓይሻ የኸሊፋ ዐብዱላሂ ወገኖች የሆኑትን የበጋራ ዐረቦች ያስታውሳል። ዴም በርቲ በዳርፉር ይኖሩ የነበሩትንና ከሰሐራዊ ቋንቋዎች አንዱን ይናገሩ የነበሩትን በርቲዎች፣ ዴም ባንዳ ደግሞ ከዛሬው የመካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክ አካባቢ የመጡ የኡባንጊ ቋንቋ ተናጋሪዎችን ያመለክታል። በሦስት ጎረቤት መንደሮች ስም ውስጥ ሦስት የተለያዩ የቋንቋ ቤተሰቦች ይገኛሉ። የበርቲ ሕዝብ ዛሬ ዐረብኛ ተናጋሪ ነው፤ ቋንቋው ከመጥፋቱ በፊት ቃላቱን ከመዘገቡት አንዱ የቼክ ሊቅ ካሬል ፔትራቼክ ነው። እርግጥ ቋንቋው የጠፋው በካርቱም መሬት ምደባ ምክንያት አይደለም። የመንደሩ ስም ግን ተናጋሪዎቹ ወደ ከተማይቱ የመምጣታቸው ምስክር ነው።

3. ደረጃ

ከ1898 በኋላ ከተማይቱ እንደገና ስትሠራ የመኖሪያ መሬት በደረጃ ተከፈለ። አማርኛና ዐረብኛ የሚጋሩት «ደረጃ» የሚለው ቃል እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን በአንድነት ይመድባል፦ የቦታውን ስፋትና የውሉን ዕድሜ። የመጀመሪያው ደረጃ ሰፊ ቦታና ረጅም የሊዝ ዘመን ነበረው፤ ሦስተኛው ጠባብ ቦታና አጭር ዘመን። ዲዩም ከእነዚህ ሁሉ በታች ነበሩ። በአስተዳደሩ አጠራር «የተወላጆች ማደሪያ» ሲሆኑ፣ ነዋሪው የሚቆየው ከወር ወደ ወር በሚታደስ ፈቃድ ነበር።

የነዋሪውን ስጋት ለመረዳት ይህን ውል ማንበብ ይበቃል። በየወሩ ፈቃዱ የሚያልቅ ሰው በጭቃ እንጂ በድንጋይ አይሠራም፤ ከተማይቱ ወደ ደቡብ ስትሰፋ መንገድ ላይ የሚገኘውም እሱ ነው። አዲሱ ዲዩም ሲመሠረት የሦስተኛ ደረጃ መጠን የሆነው 200 ካሬ ሜትር ተሰጠ። ሳዓድ አድ-ዲን ፈውዚ በ1954 ባሳተመው የሰሜን ሱዳን የከተማ ቤቶች ጥናት ይህን ዝውውር ከማኅበራዊ ጎኑ መርምሯል። ዝውውሩ ኪሳራ ብቻ አልነበረም፤ በወር ይቆጠር የነበረው ውል በዓመታት መቆጠር ጀምሯል። ሆኖም አዲሱ ሰፈር በመዝገብ ምሥራቃዊና ምዕራባዊ ዲዩም ተብሎ በአቅጣጫ ተጠራ። የትውልድ ስሞቹም በአመዛኙ ለነዋሪው አንደበት ተተዉ።

ደረጃው ራሱ የቦታ ስም የሆነበትም አለ። «ኢምቲዳድ አድ-ደረጃ አት-ታልታ» (የሦስተኛ ደረጃ ማስፋፊያ) በነዋሪው አፍ በሱዳን ዐረብኛ ድምፅ «ታልታ» ይባላል እንጂ በመጽሐፍ ዐረብኛ «ሣሊሣ» አይባልም። የመጀመሪያ ደረጃ ማስፋፊያው ግን አል-ዒማራት፣ ማለትም «ሕንፃዎቹ»፣ የሚል ስም አገኘ። ባለ ሰፊ ቦታው ሰፈር በሕንፃ ሲጠራ ባለ ጠባቡ በደረጃ ቁጥሩ ቀረ።

4. ከዚያ ወዲህ

የዶክሲያዲስ የ1959 ፕላን፣ የሜፊት የ1977 ፕላንና የ1994ቱ የከተማ ፕላንና የመሬት አሰጣጥ ሕግ ተከታትለው መጥተዋል። በቢሮ ቋንቋ ከፕላን ውጭ ያለ መንደር «ዐሽዋኢ» (እንደ ነገሩ የተሠራ) ነው፤ ነዋሪዎች ግን ካርቶን ከሰላን የመሰሉ የራሳቸውን ስሞች ሰጥተዋል። በአንጻሩ በአንድ ወቅት ዳር የነበረው ዴም ዛሬ ለመሀል ከተማ ቅርብ ነው። ስለዚህም 200 ካሬ ሜትሩ ለወራሾች ይከፋፈላል፣ ወደ ላይም ፎቅ ይጨመርበታል። ክፍሎቹን ከሚከራዩት መካከል ብዙ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ስለነበሩ አማርኛና ትግርኛ የመንደሩ የዘወትር ቋንቋዎች ሆነዋል። ይህ ተከራይ በመሬት መዝገብ ላይ ስም የለውም፤ ምደባ ሲለወጥ አስተያየቱን የሚጠይቀው ሥርዓትም የለም። በዚህ ረገድ የቀድሞው የወር ፈቃድ ባለቤት ወራሽ ነው ማለት ይቻላል።

ሚያዝያ 15 ቀን 2023 የተቀሰቀሰው ጦርነት ባለ ርስቱንም ተከራዩንም በትኗል። ከተማይቱ እንደገና ስትታቀድ የትኛው ቦታ የማን እንደ ነበር የሚያስረዳው ማስረጃ በከፊል በቃል የሚተላለፍ ይሆናል፤ የጎረቤት ምስክርነትም ከስያሜ ተለይቶ አይቆምም። ስለዚህ በዲዩም ላይ የሚሠራ የቋንቋ ጥናት የቦታ ስሞችን ከነአነባበባቸው፣ ከነወሰናቸውና ከተናጋሪው የትውልድ ማኅበረሰብ ጋር ሊመዘግብ ይገባል። ስደተኛው ካይሮም ሆነ አዲስ አበባ ቢገኝ «ቤትህ የት ነበር?» ለሚለው ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ለቋንቋ አጥኚው የቃል መረጃ፣ ለእሱ ደግሞ የይዞታ ማስረጃ ነው።