በቆመ ቤት ሥር መሠረት ስለ መለወጥ

ቤት ሲጀመር መሠረት መጣል ለግንበኛ ሁሉ የታወቀ ሥራ ነው። ቤቱ ከቆመ በኋላ ግን፥ ግድግዳውና ጣራው በላዩ ሳለ፥ የደከመውን መሠረት አውጥቶ ሌላ መተካት እጅግ የሚያስፈራ ነገር ነው። የባላገር ቤት የሆነ እንደ ሆነ ባለቤቱ በባላ ይደግፈዋል፤ ምስጥ የበላውን እንጨት ተራ በተራ እያወጣ ይተካል፤ ቢፈርስበትም መልሶ ይሠራዋል። ዳሩ ግን ስምንት መቶ ዓመት ያለፈው ካቴድራል ቢፈርስ ማን ይመልሰዋል? ይህ ጭንቀት በእንግሊዝ አገር በዊንችስተር ከተማ ላይ በእውነት ደረሰ። ከዚህ በታች የተጻፉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ካቴድራሉን በ1079 ዓ.ም. ያስጀመሩት ጳጳሱ ዎከሊን ናቸው፤ በ1093 ዓ.ም. ተባረከ። ስፍራው የኢችን ወንዝ የሚያልፍበት እርጥብ ሸለቆ ነው። በ1100 ዓ.ም. ንጉሥ ዳግማዊ ዊልያም በአደን ላይ ሞተው በመካከለኛው ግንብ ሥር ተቀበሩ፤ በ1107 ዓ.ም. ግንቡ ወደቀ። ብዙ ሰውም በክፉ ንጉሥ መቀበር ምክንያት ወደቀ አለ። የዚያ ዘመን ታሪክ ጸሐፊ የነበሩት መነኩሴ፥ የማልምስበሪው ዊልያም ግን፥ ንጉሡ ባይቀበሩበትም ሥራው ጉድለት ስለ ነበረበት በወደቀ ነበር ብለው ጻፉ።

ከመቶ ዓመት በኋላ፥ በ1200 ዓ.ም. ገደማ፥ ጳጳሱ ጎድፍሬይ ደ ሉሲ ሕንፃውን በምሥራቅ በኩል አስረዘሙት። በዚያ ወገን ያለው መሬት ለስላሳ ስለ ሆነ ሠራተኞቹ ግንድ አጋድመው ድንጋዩን በግንዱ ላይ ካቡ። ከግንዱ በታች ከበሰበሰ ሣርና ቅጠል የተከማቸ ጥቁር የረግረግ አፈር ነበረ፤ ጽኑው ጠጠር የሚገኘው ከእርሱ በታች ነው። ስለዚህ ግድግዳው በየዘመኑ ጥቂት በጥቂት ሰመጠ።

በ1905 ዓ.ም. ግድግዳው ዘንብሎና ተሰንጥቆ፥ ከጣራውም ድንጋይ እየወደቀ ታየ። አርክቴክቱ ቶማስ ጃክሰን ተጠሩ፤ እርሳቸውም መሐንዲሱን ፍራንሲስ ፎክስን አማከሩ። ግድግዳው በእንጨት ተደገፈ፤ በስንጥቁም ውስጥ ቀጭን የሲሚንቶ ጭቃ ተጨመረ። ከዚህም በኋላ ከግድግዳው ሥር ጉድጓድ ቢቆፈር፥ ጥቁሩ አፈር በተነሣ ጊዜ ውሃ ከታች ፈልቆ ሞላው። ውሃውን በመኪና መቅዳት ይቻል ነበር፤ ነገር ግን ውሃው ሲወጣ ደቃቁን አፈር ከግድግዳው ሥር ይዞ ስለሚወጣ፥ ሕንፃውን ለማዳን የተጀመረው ሥራ ራሱ ባፈረሰው ነበር።

ስለዚህ ፎክስ ውሃው በስፍራው ይቅር፤ ሰው ግን ወደ ውሃው ይውረድ ብለው ቈረጡ። ለዚህም የተመረጡት ዊልያም ዎከር የሚባሉ ጠላቂ ነበሩ። ከ1906 እስከ 1911 ዓ.ም. ድረስ ክብደቱ 90 ኪሎ ያህል የሆነ የጠላቂ ልብስ ለብሰው፥ እስከ 6 ሜትር ወደሚጠልቀው ጉድጓድ ይወርዱ ነበር። ውሃው ከጥቁሩ አፈር የተነሣ ስለ ደፈረሰ ብርሃን ከቶ አይገባም፤ ሥራው ሁሉ በዳበሳ ነበረ። ዎከር የቀረውን አፈር ቈርጠው ያወጣሉ፤ በጠጠሩ ላይ ሲሚንቶ፥ አሸዋና ጠጠር የተደባለቀበትን ከረጢት ይደረድራሉ፤ ከረጢቱንም ይቀዱታል፥ አንዱ ከሌላው ጋር እንዲያያዝ። ይህ ሲጠነክር ውሃው ከታች መምጣት ይከለከላል፤ ያን ጊዜ ጉድጓዱ ያለ ሥጋት ይደርቃል፤ ግንበኞችም ወርደው ከአዲሱ ወለል እስከ አሮጌው ግድግዳ ግርጌ ድረስ ይገነባሉ። ሥራው በጠባብ በጠባብ ጉድጓድ ተራ በተራ ተደረገ፤ ረጅሙ ግድግዳ በአንድ ጊዜ ቢፈለፈል የሚሸከመው አጥቶ ይወድቅ ነበርና።

በዚህ ዓይነት ከ25,000 በላይ ከረጢት፥ 114,900 የኮንክሪት ድንጋይና 900,000 ሸክላ ጡብ ከካቴድራሉ ሥር ገባ። ወጪው 113,000 ፓውንድ ሆነ። ሐምሌ 15 ቀን 1912 ዓ.ም.፥ በከተማው ጠባቂ በቅዱስ ስዊዘን በዓል፥ ንጉሥ አምስተኛ ጆርጅና ንግሥት ሜሪ ባሉበት የምስጋና ጸሎት ተደረገ፤ ንጉሡም ለዎከር ኒሻን ሰጧቸው። ዎከር በ1918 ዓ.ም. በኅዳር በሽታ ጊዜ በዚያው በሽታ ሞቱ።

በ1964 ዓ.ም. መታሰቢያ ምስል ቆመላቸው፤ ነገር ግን ፊቱ በስሕተት የመሐንዲሱ የፎክስ ሆኖ ተገኘ። በ2001 ዓ.ም. በእውነተኛው መልካቸው የተሠራ ምስል ተተካ። በጨለማ የሠራ ሰው መልኩ እንዲህ ቢረሳ አያስደንቅም። ፎክስ ዘዴውን ባያገኙ ዎከር ባልወረዱ ነበር፤ ዎከርም ባይወርዱ ዘዴው በወረቀት ላይ በቀረ ነበር፤ ስለዚህ ለሁለቱም ክብር ይገባል፥ ግን ለእያንዳንዱ በገዛ መልኩ።

እስከ ዛሬ ድረስ በዝናሙ ወራት የካቴድራሉን ምድር ቤት ውሃ ይሞላዋል። ውሃው እንደ ቀድሞው ይመጣል፤ ሕንፃው ግን ከጠጠሩ ላይ ስለ ቆመ አይሰምጥም። የሚያስቀድሰው ሕዝብ የሚያየው ዓምዱንና መስኮቱን ነው፤ የሚሸከመው ግን አንድ ሰው በጨለማ እየዳበሰ የደረደረው ከረጢት ነው።